ጄፔጉ ሲጠፋ ጥንዱ ሮውም እንዲጠፋ፦ በባሽ ስክሪፕት እንዴት ይደረጋል?

ባለካሜራው (ጎንደር)

ጤና ይስጥልኝ። ጎንደር ፒያሳ ላይ አነስ ያለች ፎቶ ቤት አለችኝ። ጥር አለፈ፣ ጾሙ ገባ፣ ሰርግ ቆመ። ሌላው ሰው በዚህ ወቅት ሲያርፍ እኔ ኮምፒውተር አጸዳለሁ። ዘንድሮ ግን በእጄ ለማጽዳት ዓይኔም ትዕግሥቴም አልበቃ ስላለኝ ምክራችሁን ፈልጌ መጣሁ።

ካሜራዬ አንዴ ስጫነው ሁለት ፋይል ይመዘግባል፤ አንዱ ሮው፣ ሌላው ጄፔግ። ስማቸው አንድ ሆኖ ከነጥቡ ወዲያ ያለው ቅጥያ ብቻ ይለያያል። ቁጥሩ 4127 የሆነ ጄፔግ ካለ ቁጥሩ 4127 የሆነ ሮው አለ። በፊልም ዘመን ለሠራ ሰው ሮው ማለት ኔጋቲቩ ነው፤ ጄፔጉ ደግሞ ታጥቦ ለደንበኛ የሚታየው። ሮውን ላፕቶፑ ላይ አስቀምጣለሁ፤ ጄፔጉን ትልቁ ውጫዊ ዲስክ ላይ።

ከሰርጉ በኋላ ቤተሰቡ ተሰብስቦ ይመጣል። ወንበር ስለማይበቃ ግማሹ ቆሞ፣ ጄፔጉን በስክሪን እያየ የማይፈልገውን ያስጠፋኛል። «ይህን አጥፋው፤ ዓይኔ ተጨፍኗል።» «እዚህ ላይ ሚዜው እያዛጋ ነው።» ባለፈው አንዲት እናት የአማቾቿ ወገን ያለበትን ፎቶ ሁሉ በተራ ስታስጠፋኝ ቆይታ፣ ሙሽራዋ ናት እጇን ይዛ ያስቆመቻት።

የመጨረሻውን ሰርግ ልንገራችሁ። ጠዋት ከሙሽሪት ቤት ጀምረን ወደ ፋሲል ግንብ፣ ከግንቡ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ሄድን። ጎንደር ያገባ ሰው ያውቀዋል፤ የዛፉ ሥር እንደ ሽማግሌ ጣት ቅጥሩን ጨብጦ የያዘበት ግድግዳ አለ። ሙሽራ ሁሉ እዚያ ሥር መቆም ስለሚፈልግ በጥር ወር ተራ ይያዛል። ለጥምቀት ከቀሃ ወንዝ የተሞላው ውኃ ገና አልወረደም ነበርና ሁሉም ጥላውን ውኃው ላይ ማየት ፈለገ። በዚያ ላይ ድግሱ፣ መልሱ፣ ቅልቅሉ አለ። ተደማምሮ 3,860 ፎቶ ሆነ። ቤተሰቡ አጣርቶ 612 አስቀረ።

አሁን ጄፔግ ፎልደር ውስጥ 612፣ ሮው ፎልደር ውስጥ 3,860 ፋይል አለ። አንዱ ሮው 28 ሜጋባይት አካባቢ ነው። ጥንዱ የጠፋበት ሮው ብቻውን ወደ 91 ጊጋባይት ቦታ ይዟል። የአንድ ሰርግ ነው ይህ።

ዓምና በእጄ ነበር ያጸዳሁት። ሁለት መስኮት ጎን ለጎን ከፍቼ፣ ከዚህ እያነበብሁ ከዚያ እያጠፋሁ ሦስት ሌሊት ፈጀብኝ። በሦስተኛው ሌሊት 4127ን አጠፋለሁ ብዬ 4172ን አጠፋሁ። ያ ፎቶ ደግሞ ለአልበሙ ሽፋን የተመረጠው ነበር።

ዘንድሮ ኮምፒውተር የምትማረው የእህቴ ልጅ አሮጌው ላፕቶፔ ላይ ኡቡንቱ የሚባለውን የሊኑክስ ዓይነት ጫነችልኝ፤ ሰባት መስመር የሆነች የባሽ ስክሪፕትም፣ ማለት ኮምፒውተሩ በተራ የሚፈጽማቸውን ትእዛዞች ዝርዝር፣ ጻፈችልኝ። ስክሪፕቱ ሮውን አንድ በአንድ እያነሣ በዚያው ስም ጄፔግ መኖሩን ይጠይቃል፤ ከሌለ ሮውን ይሰርዛል። ሃያ ፎቶ ቀድተን ሞከርነው፤ በደንብ ሠራ። ከዚያ እውነተኛው ፎልደር ላይ ልናስኬደው ስንል «ከሰረዘ በኋላ ከቆሻሻ መጣያው እንመልሰዋለን አይደል?» አልኋት። «የመሰረዣው ትእዛዝ፣ አርኤም፣ መጣያ አያውቅም ጋሼ። ሄደ ማለት ሄደ ነው» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ እጄ ኢንተሩ ላይ አልወርድም አለ።

የእናንተ መንገድ ምንድን ነው? ደግሞስ የፎልደሮቼ ስም በአማርኛ ነው፤ «የጥር 20 ሰርግ» ብዬ ነው የምጽፈው። ይህ ያስቸግር ይሆን?


ተርሚናል ነዋሪ (አዲስ አበባ)

ጋሼ፣ እጅዎ እንኳን አልወረደ። የእህትዎ ልጅ አስተሳሰብ ትክክል ነው፤ የጎደለው ጥንቃቄ ብቻ ነው።

ይህ ገጽ ኮድ ሲለጠፍበት ቀጥ ያለውን የጥቅስ ምልክት ወደ ጎባጣ እየለወጠ ያበላሸዋል። ባሽ ደግሞ ጎባጣውን ጥቅስ እንደ ተራ ፊደል ነው የሚቆጥረው፤ ገልብጦ ያስኬደ ሰው ጉድ ይሆናል። ስለዚህ ሐሳቡን በቃል እጽፋለሁ፤ ወደ ባሽ መመለሱን ለእርሷ ልተወው፦

ለእያንዳንዱ ሮው
ከፊቱ የፎልደሩን መንገድ፣ ከኋላው ቅጥያውን ቁረጥ
የቀረውን ስም ይዘህ ጄፔግ ፎልደር ውስጥ ፈልግ
ካለ እለፈው
ከሌለ ስሙን ስክሪኑ ላይ ጻፍ

«ሰርዝ» የሚል ቃል እንደሌለበት ልብ ይበሉ። የመጀመሪያው ዙር መጻፍ ብቻ ነው። ዝርዝሩ ልክ መሆኑን ካዩ በኋላም «ጻፍ» ያለውን በ«ሰርዝ» አይተኩት፤ በ«ውሰድ» ይተኩት። ኤምቪ በሚባለው ትእዛዝ ጥንድ አልባውን ሮው ወደ ሦስተኛ ፎልደር ያዛውሩት። እዚያው ዲስክ ላይ እስከሆነ ድረስ 91 ጊጋባይቱ በቅጽበት ይዛወራል፤ የሚለወጠው አድራሻው ብቻ ነው፤ ፋይሉ ከቦታው አይነቃነቅም። ቦታ ለማስለቀቅ ያንን ፎልደር ወደ ሌላ ዲስክ ማሻገሩ በኋላ የሚደርስ ነው።

ስለ አማርኛው ስም አይስጉ። አማርኛውን ባሽ አንዳች አይለውም፤ የሚያሳስተው ክፍት ቦታው ነው። «የጥር 20 ሰርግ» የሚለውን የያዘው ተለዋዋጭ (ስክሪፕቱ ስሙን የሚይዝበት ዕቃ) በድርብ ጥቅስ ካልታጠረ ባሽ ሦስት ቦታ ይሰነጥቀውና «የጥር» የሚባል ፋይል፣ «20» የሚባል ፋይል፣ «ሰርግ» የሚባል ፋይል ፍለጋ ይሄዳል። በመሰረዣ ትእዛዝ ላይ ይህ ሲሆን ምን ሊመጣ እንደሚችል ያስቡት። ተለዋዋጩ በተጠራበት ቦታ ሁሉ ጥቅስ ይኑረው።

የቅጥያውን ፊደልም ትይ። ካሜራው ጄፔጉን በትልልቅ የላቲን ፊደላት ይጽፋል፤ ፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራሞች ብዙ ጊዜ በትንንሾቹ ነው የሚያስቀምጡት። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ ስለሌለው እንዘነጋዋለን፤ ለሊኑክስ ግን ሁለቱ የተለያዩ ስሞች ናቸው። ሁለቱንም እንዲጠይቅ ታድርገው።

አንድ ነገር ብቻ ቃል ይግቡልኝ። ምንም ከማዛወርዎ በፊት ሒሳቡን በወረቀት ይሥሩ፦ 3,860 ሲቀነስ 612፣ 3,248። ዝርዝሩ ከዚህ በአንድ እንኳን ቢበልጥ ወይም ቢያንስ አይቀጥሉ።


አጭር መልስ

ለአንድ መስመር ሥራ ይህን ያህል ስብከት! ፎልደርን ከፎልደር የሚያመሳስለውን አርሲንክን ከማጥፊያ አማራጩ ጋር አስኪደው፣ አለቀ።


ተርሚናል ነዋሪ (አዲስ አበባ)

ጋሼ፣ እባክዎን ይህን እንዳይሞክሩት። አርሲንክ ስም የሚያወዳድረው ከነቅጥያው ነው። ከጄፔግ ወደ ሮው ፎልደር በማጥፊያው አማራጭ ካስኬዱት፣ ለእርሱ 3,860ውም ሮው ባዕድ ነው። ሁሉንም ጠርጎ 612 ጄፔግ በቦታቸው ያስቀምጥልዎታል። ኔጋቲቩን አቃጥሎ ያንኑ የታጠበውን ፎቶ ሁለት ቦታ መስቀል ማለት ነው።

አርሲንክ ክፉ መሣሪያ ነው ማለቴ አይደለም። ስሙ ከነቅጥያው አንድ ለሆነ ነገር፣ ለምሳሌ ዲስክን በሌላ ዲስክ ላይ ለመቅዳት፣ የሚስተካከለው የለም። ከምንጩ ላይ ሲያነብ ስሕተት ካጋጠመው ማጥፋቱን በራሱ ያቆማል፤ «ከዚህ ቁጥር በላይ እንዳታጠፋ» የሚባልበት አማራጭም አለው። ግን እዚያም ቢሆን በመጀመሪያ ሠረዝ ኤን ጨምሮ ምንም ሳይነካ በባዶ ማስኬድ፣ ከምንጩ ፎልደር ስም መጨረሻ ያለችውን ዘንበል ያለች መስመርም ማየት ያስፈልጋል። መስመሯ ካለች የፎልደሩን ይዘት ይወስዳል፤ ከሌለች ፎልደሩን ራሱን ይወስዳል። በዚያች አንዲት ጭረት ስንት ሰው አልቅሷል።


ሁለት ዝርዝር (ባሕር ዳር)

እኔ ፋይሉን አንድ በአንድ እያነሣሁ በፎር መዞር አልወድም። የሮውን ስሞች ቅጥያቸውን ቆርጬ አንድ የጽሑፍ ፋይል፣ የጄፔጉንም እንዲሁ ሌላ የጽሑፍ ፋይል አደርግና ሁለቱን ሶርት በሚባለው ትእዛዝ በፊደል ተራ አሰልፋቸዋለሁ። ከዚያ ኮም ለሚባለው ትእዛዝ እሰጠዋለሁ። ኮም በሦስት ዓምድ ነው የሚመልሰው፦ በመጀመሪያው ብቻ ያለ፣ በሁለተኛው ብቻ ያለ፣ በሁለቱም ያለ። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን እንዲደብቅ ብታዘው የቀረው ያንተ ጥንድ አልባ ሮው ነው። ዝርዝሩ በእጅህ የሚነበብ ፋይል ሆኖ ስለሚቀር ሻይ እየጠጣህ ታየዋለህ።

የሚፈልገው ነገር ቢኖር ሁለቱ ዝርዝሮች በአንድ ዓይነት ሥርዓት መሰለፋቸውን ነው። አንዱን በአንድ የቋንቋ ቅንብር፣ ሌላውን በሌላ ካሰለፍህ አልተሰለፈም ብሎ ያማርራል፤ ውጤቱም አይታመንም። ለሁለቱም ኤልሲ ኦል የሚባለውን ቅንብር ሲ አድርገው።


ባለካሜራው (ጎንደር)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የእህቴ ልጅ በተርሚናል ነዋሪ ቃል መሠረት ስክሪፕቱን እንደገና ጻፈችው፤ እንዲጽፍ ብቻ እንጂ እንዲነካ አላደረገችውም። ትናንት ማታ ብቻዬን ሆኜ አስኬድሁት።

3,860 አለኝ።

ሦስት ሺህ ስምንት መቶ ስልሳውም ሮው ጥንድ የለውም ማለት ነው። ስክሪኑ ላይ ስሞቹ እንደ ዝናብ ወረዱ፤ መጨረሻው ላይ ቁጥሩ ቁጭ አለ። አሮጌው ስክሪፕት ቢሆን ኖሮ ያን ጊዜ አንድም ኔጋቲቭ አይቀረኝም ነበር። ወንበሬን ወደ ኋላ ገፍቼ ትንሽ ተቀመጥሁ። ደግሞ አስኬድሁት፤ ያው 3,860።

ጄፔጎቹ አልጠፉም፤ ዲስኩን ከፍቼ አይቻቸዋለሁ፤ ሙሽሪት ከነጥላዋ ውኃው ላይ አለች። ስክሪፕቱ ግን አያያትም። ባለፈው ሳምንት እኮ በሃያው ፎቶ ላይ ልክ ሠርቶ ነበር። ምን ተለወጠ? የማስታውሰው ነገር ቢኖር፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ መብራት ሄዶ ከሃያ ደቂቃ በኋላ መምጣቱን ነው። ላፕቶፑ በባትሪው ስለቆየ አልጠፋም።


ተርሚናል ነዋሪ (አዲስ አበባ)

ላፕቶፑ አልጠፋም፤ ውጫዊው ዲስክስ? ትልቁ ዲስክ የራሱ የኤሌክትሪክ ገመድ ያለው ዓይነት ከሆነ መብራቱ ሲሄድ አብሮ ጠፍቷል። ሳይሰናበት ሲሄድ ደግሞ አንዳንድ ጊዜ ኡቡንቱ ላይ የዲስኩ ስም ያለበት ባዶ ፎልደር ይቀራል። መብራት ሲመጣ ዲስኩ ይመለሳል፤ ስሙ ግን በዚያ ባዶ ፎልደር ስለተያዘ ከኋላው 1 ተጨምሮበት ይገባል። እርስዎ በመስኮቱ ከፍተው የሚያዩት አዲሱን ነው፤ ስክሪፕቱ ላይ የተጻፈው መንገድ የሚያመራው ወደ አሮጌው ባዶ ቤት ነው። ባዶ ቤት ገብቶ «4127 አለ ወይ?» ቢል ማን ይመልስለታል?

ጥፋቱ የእኔ ነው። ከሁሉ በፊት መጻፍ የነበረበትን ዘልዬዋለሁ። ከዙሩ በላይ እነዚህን ታክልበት፦

ሮው ፎልደር ከሌለ ቁም
ጄፔግ ፎልደር ከሌለ ቁም
ጄፔግ ፎልደር ውስጥ ያለውን ፋይል ቁጠር፤ ዜሮ ከሆነ ቁም

መንገዱ በዲስኩ ስም የሚያበቃ ከሆነ ሦስተኛው ነው ወሳኙ፤ ፎልደሩ አለና፣ ባዶ ሆኖ፤ ከዚያ ወደ ውስጥ የሚገባ ከሆነ ሁለተኛው ይይዘዋል። የእርስዎ ሥራ የሚፈርደው በሌለ ነገር ላይ ተመሥርቶ ነው። ጄፔጉ ደንበኛ ስላልፈለገው ይጠፋ፣ ዲስኩ ስለተነቀለ ይጠፋ፣ ስሙ ስለተለወጠ ይጠፋ፣ ለስክሪፕቱ ሁሉም አንድ ነው፤ «የለም» ብቻ ነው የሚሰማው።

ሌላም አለ። ስክሪፕቷ መጀመሪያ ላይ ሲዲ ብላ ወደ ፎልደሩ የምትገባ ከሆነ፣ መግባቱ ካልተሳካ እዚያው እንድትቆም ትደረግ። አለዚያ በቆመችበት ፎልደር ላይ ሥራዋን ትቀጥላለች፤ የቆመችበት ደግሞ የእርስዎ ሰነዶች ቤት ሊሆን ይችላል። እኔ በተማሪነቴ እንዲህ አድርጌ የመመረቂያ ጽሑፌን ግማሽ ምዕራፍ በልቼዋለሁ።


ባለካሜራው (ጎንደር)

ቃል በቃል እንዳልኸው ነው። ዲስኬ «ፎቶ» ነበር ስሙ፤ አሁን «ፎቶ1» ሆኖ ተቀምጧል። «ፎቶ» የሚባለውም አለ፤ ውስጡ ባዶ። ዲስኩን በወጉ አስወጥቼ፣ ላፕቶፑን አጥፍቼ አብርቼ መልሼ ሰካሁት፤ በድሮ ስሙ ገባ።

ሦስቱ መስመሮች ተጨመሩ። እንደገና አስኬድሁት። 3,251።

መጀመሪያ ደስ አለኝ። ቀጥሎ በወረቀቴ ላይ የጻፍሁትን አየሁ፤ 3,248። ሦስት ይበልጣል። የእህቴ ልጅ «ጋሼ፣ ከሦስት ሺህ ውስጥ ሦስት ምን አላት?» አለችኝ። እኔ ግን ቃል ገብቻለሁ።


የብራና ወዳጅ (ማራኪ)

ጋሼ፣ ጎረቤትዎ ነኝ። ፎቶ አላነሣም፤ የድሮ የብራና ገጾችን ምስልና መግለጫ በሁለት ፎልደር አደራጃለሁ። እንደ እርስዎ ያለ ችግር ስለገጠመኝ ነው ከዝምታዬ የወጣሁት።

መጀመሪያ በተቃራኒው ያስኪዱት። እስካሁን «ጄፔግ የሌለው ሮው የትኛው ነው?» ብለው ጠይቀዋል። «ሮው የሌለው ጄፔግ የትኛው ነው?» ብለው ይጠይቁ። ከካሜራው ሁለቱም አብረው ስለሚወጡ መልሱ ዜሮ መሆን አለበት። ዜሮ ካልሆነ እነዚያ ሦስቱ እዚያ ናቸው። በኮም ለሚሠራ ሰው ሁለተኛውን ዓምድ ማየት ብቻ ነው።

ደግሞ ሰው እጁን ያስገባበት ስም ካለ ፊደሉን ይመርምሩ። እኔ አንድ ጊዜ ከአራት መቶ ገጽ ላይ ስልሳ ያህሉ መግለጫ የለውም ተባልሁ። መግለጫው ግን አለ፤ በዓይኔ አየዋለሁ። ቆይቼ ነው የገባኝ፤ ምስሉን የሰየምሁት እኔ «ገጽ» ብዬ፣ መግለጫውን የሰየመው የሥራ ባልደረባዬ «ገፅ» ብሎ። እኛ ስናነብ አንድ ድምፅ ነው። ኮምፒውተር ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር በሚሰጥበት ሥርዓት፣ በዩኒኮድ፣ ግን ጸ እና ፀ ለየቅል ቁጥር አላቸው፤ ለኮምፒውተሩ የ«በግ» እና የ«ዶሮ» ያህል ይለያያሉ። ሰ እና ሠ፣ ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ አ እና ዐ እንዲሁ። እርስዎ «ሰርግ» ብለው ረዳትዎ «ሠርግ» ካለ ስክሪፕቱ ሁለት ሰርግ ነው የሚያውቀው። እኔ አሁን ከማወዳደሬ በፊት ሁሉንም ወደ አንድ ፊደል የሚመልስ መስመር አለኝ። የሚመለሰው ለማወዳደሪያ የተቀዳው ስም ነው፤ ፋይሉ ላይ ያለውን አልነካም፤ የሰው አጻጻፍ የሰው ነው።

ረጅም የአማርኛ ስም የሚወድ ሰው ደግሞ ይህን ይወቅ፦ በተለመደው የሊኑክስ ዲስክ ላይ አንድ የፋይል ስም ከ255 ባይት አይበልጥም። አንድ የግእዝ ፊደል ሦስት ባይት ይበላል። ስለዚህ በግእዝ ፊደል ብቻ የተጻፈ ስም ከ85 ፊደል አያልፍም፤ ቅጥያው ሲታከልበት ደግሞ ለግእዙ የሚቀረው ከዚያም ያንሳል። ከሌላ ዓይነት ዲስክ ሲቀዳ በዚህ ምክንያት ሳይሻገር የሚቀር ፋይል አለ፤ እርሱም ያው «ጥንድ አልባ» መስሎ ይታያል።


ሁለት ዝርዝር (ባሕር ዳር)

በስም ካልተገናኙ በሰዓት ይገናኛሉ። ካሜራው የተነሣበትን ቀንና ሰዓት በሁለቱም ፋይል ሆድ ውስጥ ይጽፋል። ስሙን ብትለውጠው ያ አይለወጥም። ኤግዚፍቱል የሚባለው ፕሮግራም አውጥቶ ያሳይሃል። በቴሌግራም እንደ ፎቶ ተልኮ የተመለሰ ከሆነ ግን ተስፋ የለህም፤ ስሙም ይለወጣል፣ ሆዱ ውስጥ ያለው መረጃም ይራገፋል። እንደ ፋይል ከተላከ ብቻ ነው ሳይነካ የሚመጣው።


ባለካሜራው (ጎንደር)

ተገኙ።

የማራኪዋ ጎረቤቴ እንዳለችው በተቃራኒው አስኬድሁት። ሮው የሌለው ጄፔግ፣ ሦስት። ስማቸውን ላንብብላችሁ፦ «ሙሽሪት ከአያቷ ጋር»፣ «አያትዬ ስትመርቅ»፣ «ለአልበም ሽፋን ይህ ይሁን»።

እንዴት እንደሆነ ወዲያው ትዝ አለኝ። ቤተሰቡ ሲመርጥ የሙሽሪት ታናሽ ወንድም ኪቦርዱ አጠገብ ተቀምጦ ነበር። እኔ ሻይ ላስመጣ ስወጣ እነዚህን ከሌሎቹ ለመለየት ብሎ ስማቸውን ለውጦታል። ምስኪን፣ እንዳይጠፉብኝ ብሎ ነው። በኋላ ማንም አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

እንግዲህ አስቡት። ከ3,860 ፎቶ መካከል ቤተሰቡ አብልጦ የወደዳቸው፣ ስም እስከማውጣት ያደረሳቸው፣ እነርሱ ሦስቱ ናቸው። ስክሪፕቱ ደግሞ ሚዜው ከሚያዛጋበት ጋር አንድ ላይ ሊጥላቸው ነበር። ለአልበም ሽፋን 60 በ40 የሚታተመውን ፎቶ ያለ ሮው ማሳመር ምን ማለት እንደሆነ ባለሙያ ያውቀዋል። አያቲቱ ነጭ በነጭ ለብሳለች፤ ጀርባዋ በፀሐይ የበራ ግድግዳ ነው። የነጠላዋ ጥለት በጄፔጉ ላይ በብርሃን ተበልቶ አይታይም፤ ከሮው ግን ይወጣል፣ ክሩ ሳይቀር።

ሮዎቻቸውን በሰዓት ፈለግሁ። ኤግዚፍቱል ለአንደኛው 10፡42 አለኝ። በመጀመሪያ ከሰዓት በኋላ የተነሡትን ስበረብር ቆየሁ፤ አያቲቱ የሉም። ለካ ካሜራው በፈረንጅ ሰዓት ነው የሚሄደው፤ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከአርባ ሁለት፣ ገና ከሙሽሪት ቤት ሳንወጣ። ሃያ ዓመት ካሜራ ይዤ አሁንም ይህ ሰዓት ያሳስተኛል። ሦስቱም ተገኙ፤ ለጄፔጎቹ የካሜራ ቁጥራቸውን ከፊት መለስሁላቸው፤ የልጁንም ስም ከኋላው ተውሁለት። እንደገና ሲሄድ ከቁጥሩ ወዲያ ያለውን ጽሑፍ እንዳያይ የእህቴ ልጅ አስተካከለችው።

3,248። ወረቀቱን አሳየኋት። ዝም አለች።

ከዚያ «ጻፍ» የሚለው «ውሰድ» ሆነ። ሦስተኛውን ፎልደር «ይቆይ» አልሁት። እንደተባለው ዓይን ሳይጨፈን ተዛወረ። ማግስቱን በቀን ብርሃን ወደ ውጫዊው ዲስክ ገልብጬ፣ በሁለቱም ዘንድ ያለው ቁጥር እኩል መሆኑን አይቼ፣ ከላፕቶፑ ላይ አነሣሁት። ለፋሲካ አንድ ሳምንት ሲቀረው አጠፋዋለሁ ብያለሁ።


አጭር መልስ

ስለ አርሲንኩ ይቅርታ ጋሼ። እኔ ሁለቱም ፎልደር ውስጥ አንድ ዓይነት ፋይል ያለ መስሎኝ ነው። ሁለት ካሜራ ይዘህ የምትሠራ ከሆነ ግን አንድ ነገር ልጨምር። ቁጥሩ 9999 ሲደርስ ወደ 0001 ይመለሳል፤ ሁለት ካሜራ ደግሞ በአንድ ቀን ያንኑ ቁጥር ሊያወጣ ይችላል። የየካሜራውን ለየብቻ ፎልደር ካላደረግኸው የአንዱ ጄፔግ ለሌላው ሮው ጥንድ መስሎ ይቆማል። እዚህ ላይ ቁጥሩም ልክ ሊመጣልህ ይችላል።


ባለካሜራው (ጎንደር)

ይቅርታህ ተቀባይነት አግኝቷል። ይህኛው ሰርግ በአንድ ካሜራ የተነሣ ነው፤ የረዳቴ ካሜራ ያለባቸውን አራቱን ሰርጎች ግን እንዳልኸው ለይቼ ነው የምጀምረው።

በመጨረሻ አንድ ወሬ። ያቺ የአማቾቿን ወገን ስታስጠፋኝ የነበረችው እናት የዚሁ ሰርግ እናት ናት። ትናንት ደወለችልኝ። ነገሩ በረድ ብሏል መሰለኝ፤ አማቾቿ ለዕለተ ሰንበት ቤቷ ተጠርተዋል። «ልጄ፣ ያ ሁላችንም ደረጃው ላይ የቆምንበት ፎቶ አለ አይደል? እኔ ከዳር ያለሁበት?» አለችኝ። ጄፔጉን ራሷ ናት ያስጠፋችኝ፤ ያን ዕለት በጣቷ እየጠቆመች። አልተናገርሁም። «ይቆይ» ውስጥ ገብቼ 2093ን አወጣሁ፤ ነገ ጠዋት ታጥቦ ይደርስላታል።